አሮጌውን የማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን ከፒኤችፒ ኮድ ማውጣት

የፒኤችፒ ኮድን ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙት አሮጌ ፈንክሽኖች፣ ማለትም ስማቸው «ማይኤስኪውኤል_» ብሎ የሚጀምሩት፣ ከፒኤችፒ 5.5 (እ.ኤ.አ. 2013) ጀምሮ «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ በ7.0 (እ.ኤ.አ. 2015) ጨርሶ ተነስተዋል። ማስጠንቀቂያው የሚታየው በዋናነት የኮኔክት መስመሩ ላይ ስለሆነ ስንት ቦታ እንደቀረ ከእሱ አይታወቅም። በግሬፕ (በፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ) «ማይኤስኪውኤል_»ን ፈልጉ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ ይሁን፤ አለዚያ በትልልቅ ፊደል የሚጻፉት ኮንስታንቶች ያመልጣሉ።

ባካፕ ከወሰዳችሁ በኋላ ሥራውን ፒኤችፒ 5.6 ላይ ጀምሩት። እዚያ አሮጌውም፣ ተተኪው አዲስ ኤክስቴንሽን ማይኤስኪውኤልአይም አብረው ስለሚሠሩ ኮዱን በየተራ መቀየር ይቻላል። አንድን ገጽ ግን ግማሹን ቀይራችሁ አትተዉት። ሁለቱ የየራሳቸው ኮኔክሽን ስላላቸው በአዲሱ ያስገባችሁትን መዝገብ መለያ ቁጥር አሮጌው «ኢንሰርት_አይዲ» አያውቀውም፤ ትራንዛክሽንም አይጋሩም።

ወደ ሌላ ዳታቤዝ የመዞር ሐሳብ ካለ ከተለያዩ ዳታቤዞች ጋር የሚሠራውን ፒዲኦን ምረጡ፤ ከሌለ ማይኤስኪውኤልአይ ብዙ አያስለፋም። ስሙን ብቻ በጅምላ መተካት ግን አይበቃም። በአሮጌው «ኩዌሪ» ኮኔክሽኑ ሁለተኛ ነበር፣ ሊቀርም ይችል ነበር፤ በአዲሱ ግዴታ ነው፣ የሚገባውም መጀመሪያ ነው። በፈንክሽን ውስጥ ያለ ኩዌሪ ኮኔክሽኑን ከውጭ መቀበል አለበት። ከተጠቃሚ የመጣ ዋጋ የሚገባበትን ኩዌሪ ሁሉ በዚሁ አጋጣሚ ኩዌሪውንና ዋጋውን ለያይቶ ወደሚይዘው «ፕሪፔር» ቀይሩት። ከፒኤችፒ 8.1 ጀምሮ ማይኤስኪውኤልአይ ስህተት ሲገጥመው ኤክሴፕሽን ስለሚወረውር ኩዌሪው ሲከሽፍ ፕሮግራሙን የሚያቆመው «ኦር ዳይ» የሚለው አሮጌ ልማድ አይደረስበትም፤ ትራይና ካች ይተካው።

አማርኛ ለያዘ ሳይት ትልቁ ጣጣ ፊደሉ ነው። ከኮኔክት ቀጥሎ የኮኔክሽኑን የፊደል ኢንኮዲንግ የሚወስነውን «ሴት_ቻርሴት» ፈንክሽን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (አማርኛንም በሚይዘው ኢንኮዲንግ) ጥሩት። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ ምልክት ያለበት የላቲን «ኤ» ደጋግሞ ካሳየ፣ አሮጌው ኮድ በላቲን1 (የአማርኛ ፊደል በሌለው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ) ኮኔክሽን ሲጽፍ ኖሯል ማለት ነው። በአማርኛ ፊደል የሚጀምር አንድ መዝገብ፣ የተቀመጡትን ባይቶች በሚያሳየው የማይኤስኪውኤል «ሄክስ» ፈንክሽን እዩ። በ«ሲ3ኤ1» ከጀመረ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል፤ ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ብሎብ (ኢንኮዲንግ የሌለው የጥሬ ባይት ዓይነት)፣ በመጨረሻ ወደ ቴክስት በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩት። በ«ኢ1» ጀምሮ ኮለሙ ላቲን1 ከሆነ ከብሎብ ጀምሩ። ላቲን1ን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ማዞር ያንኑ ድርብ ኢንኮዲንግ ይፈጥራል። በ«ኢ1» የሚጀምረው ኮለም ቀድሞውኑ ዩቲኤፍ8 ከሆነ አትንኩት፤ ጥያቄ ምልክት ብቻ ካያችሁም ያልተስተካከለው ኮኔክሽኑ ሊሆን ይችላል። ሄክሱ ራሱ በ«3ኤፍ» ከተሞላ ግን ፊደሉ ሲጻፍ ጠፍቷል፤ ከባካፕ በቀር መመለሻ የለውም።