ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይስ ጋዝ? ምክንያቱን ስናብራራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በክፍል ሙቀት (20–25 ዲግሪ ሴልሺየስ) ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር ናቸው። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ንጥረ ነገሮች ሆነው ሳለ ለምን ተለያዩ? መልሱን የሚያበላሹት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሲፈላ ሞለኪውሉ ይበጠሳል ብሎ ማሰብ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ አንዴ ከተያዘ የሚቀጥለውን ሁሉ ያጣምማል። ውሃ ሲፈላ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን አይለያይም፤ እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው። የሚላቀቀው አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ሞለኪውል ነው። 18 ግራም ውሃ (አንድ ሞል፣ ማለትም የተወሰነ የሞለኪውሎች ብዛት) በ100 ዲግሪ እንዲተን 41 ኪሎጁል ገደማ ይበቃዋል፤ በሞለኪውሎቹ ውስጥ አተሞችን የሚያያይዙትን ቦንዶች ለመበጠስ ግን ከ900 ኪሎጁል በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ «ክሎሪን ጋዝ የሆነው ቦንዱ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ፈጽሞ ስህተት ነው። እንዲያውም የክሎሪን ቦንድ 242 ኪሎጁል በሞል ሲሆን የአዮዲኑ 151 ብቻ ነው፤ ጠጣሩ ግን አዮዲን ነው! ልዩነቱን ያመጣው የኤሌክትሮኖች ብዛት ነው። የክሎሪን ሞለኪውል 34፣ የአዮዲን ደግሞ 106 ኤሌክትሮኖች አሉት። ኤሌክትሮኖቹ በበዙ ቁጥር ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ይበረታል።

«የከበደ ሁሉ ጠጣር ነው» ማለት። ለእነዚህ ሦስቱ የሠራ ይመስላል፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን ይፈርሳል። የሞለኪውል ክብደቱ 146 የሆነው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋዝ ነው፤ በቀመሩ ክብደቱ 58.5 የሆነው የገበታ ጨው ደግሞ እስከ 801 ዲግሪ አይቀልጥም፤ የተያያዘው በአዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው ቅንጣቶች) መሳሳብ ነውና። ፕሮፔንና ኤታኖልም በክብደት ተቀራራቢ ናቸው (44 እና 46)። ፕሮፔን ግን በ−42፣ ኤታኖል በ78 ዲግሪ ይፈላሉ፤ በኤታኖል ሞለኪውሎች መካከል የሃይድሮጂን ቦንድ የሚባል ጠንካራ መሳሳብ አለ። ክብደት ከማወዳደር በፊት የሚያያይዛቸው ኃይል የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

በቀመር መመሳሰል መታለል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ በቀመር ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ነጠላ ነጠላ ሞለኪውል ነው። ሁለተኛው ግን ሲሊኮንና ኦክስጅን ያለማቋረጥ የተሳሰሩበት መረብ ስለሆነ፣ ለማቅለጥ ቦንዶቹን ራሳቸውን መበጠስ ግድ ይላል፤ ለዚህም 1,700 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል።

አሉታዊ ቁጥሮችን ማምታታት። ሜርኩሪ በ−39 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ357 ይፈላል። የክፍል ሙቀቱ 25 ከ−39 ይበልጣል፣ ከ357 ያንሳል፤ ስለዚህ ፈሳሽ ነው። ሁልጊዜ ሁለቱንም ቁጥሮች ያስተያዩ፤ በመቅለጫው ብቻ መፍረድ ፈሳሽን ከጋዝ አይለይም።

ግፊትን መርሳት። ቡቴን በ1 አትሞስፌር በ−0.5 ዲግሪ ስለሚፈላ በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው። በላይተር ውስጥ ግን በራሱ ተን ግፊት (በ20 ዲግሪ 2 አትሞስፌር ገደማ) ታፍኖ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ቫልቩ ሲከፈት ወዲያው ይተናል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ይለያል፤ ከ5.1 አትሞስፌር በታች ፈሳሽ አይሆንም፣ በ1 አትሞስፌር ጠጣሩ በ−78.5 ዲግሪ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል።