የድሮ ቮልስ ያላችሁ፣ ሮተሯን ኪሳችሁ ክተቱ

የድሮ ቮልስ ለማስነሳት የግድ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ሽቦ ማገናኘት የሚያውቅ ሌባ ይበቃል። ለቀናት የምታቆሟት ከሆነ የኋላ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ክዳን የያዙትን ሁለት ክሊፖች በካቻቢቴ ፈልቅቁና ከውስጥ ያለችውን ትንሽዬ ሮተር ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ አውጧት። ክዳኑን መልሱ። ሞተሩ ቢዞርም ካንዴላው እሳት አያገኝም። (እኔ አንዴ ሮተሯ ኮቴ ኪስ ውስጥ መሆኗን ረስቼ ግማሽ ቀን ካርቡሬተር ስነካካ ዋልኩ!)

ለየቀኑ ግን ወደ ኮይሉ (የካንዴላውን እሳት ወደሚያመነጨው ክፍል) በሚሄደው ሽቦ መሃል ድብቅ ማጥፊያ ማስገጠም ይቀላል። ዳሽቦርዱ ስር ግን እንዳይሆን፤ ሌባው መጀመሪያ የሚዳብሰው እዚያ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ስር፣ ባትሪው አጠገብ ነው ያስገጠምኩት። ስፖኪዮው ላይም የታርጋ ቁጥር አስቀርጹበት።