በጓሳ ድንኳን ተክሎ፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር የዱር እንስሳትን ማየት እንዴት ይቻላል?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከመኪና ሳይወርዱ የሚጎበኝ አይደለም። ቀይ ቀበሮንም ሆነ ጭላዳን በቅጡ ለማየት በእግር መሄድ፣ ከመሄድም ይልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ዝግጅቱ በሙሉ ብርድንና የትንፋሽ ማጠርን ታሳቢ ያደረገ ይሁን።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ ይመቻል፤ ቀኑ ብራ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ከመነሳትዎ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ያጣሩ፣ አስጎብኚም አስቀድመው ይያዙ። መንገዱ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። በደረሱበት ቀን ረጅም ጉዞ አይጀምሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጀምሮት በዕረፍት ያልተሻለው ሰው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት።

ድንኳኑን ረባዳ ቦታ ላይ አይትከሉ፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር የሚወርደው ወደዚያው ነው። ከላይ ከሚደርቡት ይልቅ ከሥር ለሚያነጥፉት ይጨነቁ፤ በእኔ እምነት ከከተማ የሚገዛ ስስ የመኝታ ከረጢት በመንዝ በግ ጸጉር የተሠራን ባና አያህልም። በዚህ ከፍታ ውኃ 89 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ባቄላና ምስር አበስላለሁ ማለት ነዳጅ ማባከን ነው። በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ይበቃሉ።

ዋናው ሥራ ጠዋት ነው። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ ሜዳው ስለሚወጣ፣ አስጎብኚው ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብሎ ያስቀምጥዎታል። በጓሳው ሣር መካከል ሲሄዱ እግርዎን በጉጦቹ (ሣሩ ተቋጥሮ በሚያበጅላቸው ጉብታዎች) ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ያሳርፉ፤ ጉጡ ሲረግጡት ይከዳል፣ ቁርጭምጭሚትም የሚወለመው በዚህ ነው። ሣሩ የያዘው ጠል ሱሪን እስከ ጉልበት ስለሚያረጥብ ትርፍ ካልሲ በቦርሳ ይያዝ።

መንጋው ሲመጣ ቆሞ መጠበቅም፣ ወደ እርሱ መራመድም አይገባም። ዝቅ ብለው ከተቀመጡና ዝም ካሉ፣ ጭላዳዎቹ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ እየበሉ ራሳቸው ይቀርባሉ፤ ሣሩ ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ እንኳ ይለያል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ፣ ዓይንዎን መልሰው ቀስ ብለው ይራቁ። የሚበላ ነገር መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ቀይ ቀበሮ ለማየት የቸኮለ ሰው ብዙውን ጊዜ መንጋውን ጥሎ ሜዳ ለሜዳ ይንከራተታል፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው። በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶ ያህሉ ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ ነው የሚሳካለት። በመንጋው መካከል ሲያልፍ ግልገል ለመንጠቅ የሚሞክረው ከስንት አንዴ ነው፤ እርምጃውንም ያዘገያል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ስለዚህ ግጦሹ ላይ ረግቶ የተሰማራ መንጋ ካገኙ፣ አቅርቦ ማያውን በመንጋው ጠርዝ ላይ ያሳርፉና ሳይነሱ ይጠብቁ። አስጎብኚው እንነሳ እስኪል መነሳት የለም፤ ቀበሮው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከሰፈር ሲነሱ የምግብ ትርፍራፊ ቀብሮ መሄድ በቂ አይደለም፤ ቆፍሮ የሚያወጣው ውሻ አይጠፋም። በኢትዮጵያ ቀርተው ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ የራስን ውሻ ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ ቆሻሻውም በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ተመልሶ ይወሰዳል።