ክሮንስ ወይም ኮላይቲስ ይዞሽ ካረገዝሽ መድኃኒትሽን በራስሽ አታቁሚ

ክሮንስ ወይም አልሰረቲቭ ኮላይቲስ (አንጀትን የሚያስቆጡና የሚያቆስሉ፣ ጋብ ብለው መልሰው የሚያገረሹ ሕመሞች) ያለባት ሴት እንዳረገዘች ስታውቅ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታቆመው ኪኒኗን ነው። ዘመድ ጎረቤቱም «ልጁን ይጎዳል» ይላታል። እህቴ፣ ልጅሽን ይበልጥ የሚጎዳው የተቆጣ አንጀት ነው። ሕመሙ ሲነሳ ውርጃም፣ ያለ ቀኑ መወለድም፣ ክብደት ማነስም ይበዛል።

ከቻልሽ ሳታረግዢ ጀምሪ። ሕመሙ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ጋብ ብሎ ቢቆይ ጥሩ ነው። የምትወስጂውን ሁሉ ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ሜሳላዚን፣ ሰልፋሳላዚን፣ አዛታዮፕሪን፣ እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉትም ባዮሎጂካል መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝናም ይቀጥላሉ። ሜቶትሬክሴት ግን በፍጹም! ጽንሱን ስለሚጎዳ ከወራት በፊት በሌላ መተካት አለበት፤ እሱን እየወሰድሽ ካረገዝሽ ዛሬውኑ ሐኪምሽን አግኚ። ሰልፋሳላዚን የምትወስጂ ከሆነ የምትወስጂው ፎሊክ አሲድ (ለጽንሱ የሚያስፈልግ ቫይታሚን) መጠኑ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜ በቀን 2 ሚሊግራም ነው የሚታዘዘው።

ተቅማጥ ሲጀምርሽ «አሜባ ነው» ብለሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትዋጪ። መጀመሪያ ሰገራሽ ይመርመር፣ ምክንያቱም ኢንፌክሽንና የሕመሙ ማገርሸት በጣም ይመሳሰላሉ። ደም ካየሽ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ተያቸው።

ምግብ ላይ ራስሽን አታስጨንቂ። በርበሬው ካቃጠለሽ አልጫ ብዪ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ይቅርብሽ። ጾም ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ሁኔታሽን ንገሪያቸው።

በሽታው ስላለብሽ ብቻ በኦፕራሲዮን መውለድ የለብሽም። ፊንጢጣሽ አካባቢ ያልዳነ ቁስል ወይም ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የተከፈተ ቀዳዳ) ካለ ግን ኦፕራሲዮን ይመረጣል።

አንድ ነገር አደራ፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው አይነግርሽም። ቢሲጂ የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ ልጁ እንደተወለደ ይሰጣል፣ በውስጡ ያለው ደግሞ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ባክቴሪያ ነው። ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ሕፃኑ ደም ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ መከላከያውንም ያዳክማል። ስለዚህ ቢሲጂው ቢያንስ 6 ወር፣ በኢንፍሊክሲማብ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይዘገያል። የሮታ (የተቅማጥ መከላከያ) ክትባትና የአፍ ፖሊዮ ጠብታም ሕያው ስለሆኑ ጠይቂ፤ ሌሎቹ ክትባቶች በጊዜያቸው ይሰጡ። ክትባት የምትሰጠዋ ነርስ መድኃኒትሽን ላታውቅ ትችላለች፣ ሳትወልጂ በፊት ካርድሽ ላይ ይጻፍ፣ አብሮሽ ለሚሆነውም ሰው ንገሪው።