ኬር ሥራ ልትጀምሩ ነው? ዲቢኤሳችሁ በስም ምክንያት እንዳይጓተት

እንግሊዝ ወይም ዌልስ ውስጥ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ)፣ ሕፃናት ማቆያ ወይም ትምህርት ቤት ሥራ ካገኛችሁ ዲቢኤስ ትጠየቃላችሁ። የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ነው። ስኮትላንድ የራሷ አሠራር አላት። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ በብዛት የሚፈለገው ኢንሃንስድ የሚባለው ደረጃ ነው፤ እዚህ ላይ የፍርድ ቤት ቅጣት ብቻ ሳይሆን ፖሊስ ጋ ያለ ከሥራው ጋር የሚገናኝ መረጃም ሊወጣ ይችላል። ማመልከቻውን የሚያስጀምረው ቀጣሪው ነው። ክፍያው 49.50 ፓውንድ ነው፤ ብዙ ቀጣሪዎች ራሳቸው ስለሚከፍሉ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

የእኛን ሰው የሚያጉላላው ስም ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፣ የባንክ ወረቀት ላይ የአባት ብቻ፣ የድሮ መታወቂያ ላይ ደግሞ ካሳ በአንድ ኤስ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ በሁለት ኤስ። ያገባችና የባል ስም የያዘች ካለች ሌላ ስም ተጨመረ። ፎርሙ እስከ ዛሬ የተጠቀማችሁባቸውን ስሞች በሙሉ ይጠይቃል፣ ሁሉንም ጻፉ። የልደት ቀናችሁም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ተዛብቶ እንደሆነ ወረቀቶቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሶሃም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ኢያን ሀንትሊ የሚባል የትምህርት ቤት ሕንፃ ተንከባካቢ ሠራተኛ ሁለት የ10 ዓመት ልጆችን ገደለ። ከዚያ በፊት ሌላ አካባቢ ፖሊስ ጋ በተደጋጋሚ አቤቱታ ቀርቦበት ነበር፣ ግን ለቀጠረው ትምህርት ቤት የነገረው የለም። ኒክሰን የሚል ሌላ ስምም ይጠቀም ነበር። የዛሬው አሠራር የተጠናከረው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። እናታችንን ለማናውቀው ሰው አደራ ስንሰጥ እኛም ይሄንኑ ነው የምንፈልገው።

ቀጥሎ አድራሻ። ያለፉት 5 ዓመታት ክፍተት ሳይኖር ይሞላል። ጥገኝነት ስትጠይቁ ያረፋችሁበት ሆቴልም፣ ጓደኛ ቤት የተጠጋችሁባቸው ወራትም ይቆጠራሉ። ፎርሙን ለመሙላት ከመቀመጣችሁ በፊት ወሩን ከነፖስት ኮዱ ጽፋችሁ ያዙ።

ዲቢኤስ አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር መዝገብ አያይም። ስለዚህ ኢትዮጵያ፣ ሱዳን ወይም ዱባይ ከኖራችሁ ቀጣሪው የዚያን አገር የፖሊስ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የመጣችሁ ግን ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ኤምባሲ እንዳትሄዱ! ለቀጣሪው ሁኔታውን ንገሩት፣ በሌላ ምስክር ሊተካው ይችላል።

ያለፈ ቅጣት ካለ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የቆዩ ቀላል ጥፋቶች በሕጉ መሠረት ላይወጡ ይችላሉ፤ የወጣውንም ቀጣሪው ከሥራው ጋር አመዛዝኖ ነው የሚወስነው። ከሕፃናት ወይም ከአቅመ ደካሞች ጋር እንዳይሠራ የታገደ ሰው ግን ለዚያ ሥራ ማመልከቱ ራሱ ወንጀል ነው።

ሰርተፍኬቱ በፖስታ ለእናንተ ነው የሚመጣው፣ ከጠፋባችሁ ምትክ የለም። አፕዴት ሰርቪስ በሚባለው የዲቢኤስ የኦንላይን አገልግሎት ላይ ከተመዘገባችሁ፣ ሥራ ስትቀይሩ አዲሱ ቀጣሪ ደረጃውና የሥራው ዓይነት ተመሳሳይ ከሆነ በፈቃዳችሁ ኦንላይን ያየዋል። በዓመት 16 ፓውንድ ነው፣ ለበጎ ፈቃደኛ ነፃ። ለመመዝገብ ያላችሁ 30 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ፖስታው ከደረሳችሁ ቀን ሳይሆን ሰርተፍኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ ነው።