በቃሊቲ መንገድ የቆመን ከባድ መኪና ስለ መጎተት

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ጭነት እንደያዘ የተበላሸን መኪና ከመጎተት በፊት ጎማዎቹን በታኮ መደገፍ ያስፈልጋል። የአየር ፍሬን ያለው መኪና አየሩ ሲያልቅ የኋላ ጎማዎቹ በጠንካራ ሞላ ስለሚታሰሩ፣ ወይ ከጎታቹ መኪና በቱቦ አየር መስጠት፣ ወይም ሞላውን በብሎን ሰብስቦ ማላቀቅ ግድ ነው፤ ሞላው ከተላቀቀ ግን መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ስለሆነ፣ መጎተቻው በሚገባ ሳይታሰር ታኮው ፈጽሞ አይነሳ። ሞተሩ ስለማይሠራ ካምቢዮው በቂ ዘይት አያገኝምና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይፈታ።

በውቅያኖስ ላይ ጎታች መርከብ የሚዘረጋው ረጅም የብረት ገመድ በክብደቱ ወደ ውኃው እየረገበ የማዕበሉን ንጥቂያ ያለዝባል። አስፋልት ላይ ያ እርግበት ስለሌለ፣ ከገመድ ይልቅ ድፍን የብረት መጎተቻ እመርጣለሁ። ገመድ ብቻ ከተገኘ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሲበጠስ ይገድላል።