ዓሣው ከመግባቱ በፊት ውሃውን አዘጋጁ

አኳሪየም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን አትግዙ። ውሃው ጥርት ስላለ ብቻ ለዓሣ ይመቻል ማለት አይደለም። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው፤ እሱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ፊልተሩን ሰክታችሁ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል እያደረጋችሁ ጠብቁ፤ ምግቡ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹን ይቀልባል። የውሃ መመርመሪያ ካገኛችሁ፣ አሞኒያውና ናይትራይቱ ከፍ ብለው ቆይተው ሁለቱም ዜሮ ሲገቡ ያኔ ዓሣ አስገቡ።

ገንዳው ቢያንስ 40 ሊትር ይሁን፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክሎሪኑን የሚያጠፋ ማከሚያ ጠብታ ጨምሩበት፤ ከሌለ በሰፊ ባልዲ ክፍቱን አሳድሩት (ውሃው የታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም በክሎሪንና አሞኒያ ውህድ ከሆነ ግን በማሳደር አይለቅም)። ስፖንጁ ሲቆሽሽ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት! ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቃችሁት ባክቴሪያ ያልቃል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ለመጀመሪያ 4 ወይም 5 ወንድ ጋፒ (ትንሽ የዓሣ ዓይነት) በቂ ነው፣ ሴት ከገባች በየወሩ ገደማ ትወልዳለች። ጎልድፊሽ ለዚህ ገንዳ ይቅር፣ በጣም ያድጋል።